ዝምታ ወደ ክፍያ ሲለወጥ

በየወሩ የሚሰበሰብ መዋጮ ለኅብረተሰባችን እንግዳ ነገር አይደለም። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ ይቀመጣል። አባሉ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክባል፤ በደብተሩም ላይ ይፈረምለታል። ለልጁ የመድረሳ ክፍያ የሚከፍለው ወላጅም ሆነ ጋዜጣ በደንበኝነት የሚወስደው አንባቢ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ ማንም ሳይነግረው ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ይኸውም አባሉ ዝም ካለ ገንዘቡ በኪሱ ይቀራል የሚለው ነው። መዋጮውን የፈለገ ወገን መምጣት፣ መጠየቅና ማስታወስ ይኖርበታል።

በአሁኑ ጊዜ ግን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ካቋቋሟቸው መስጂዶችና የመረዳጃ ማኅበራት መካከል መዋጮውን በባንክ ካርድ የሚሰበስቡ አሉ። አባሉ የካርዱን ቁጥር አንድ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ማንም ሳይጠይቀው ገንዘቡ ይቆረጣል። በዚህ አሠራር ያ የቆየ ሕግ ተገልብጧል። ዝም ያለ ሰው ይከፍላል፤ መክፈል የማይፈልግ ሰው ግን መናገር ይኖርበታል። ማኅበሩም ሆነ ነጋዴው ከዚህ መገልበጥ የሚያገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። ያለበት ኃላፊነትስ ምን ያህል ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተደጋጋሚ ክፍያ እንዴት እንደሚሠራ በማስረዳት፣ የሌላውን ሰው ዝምታ በእጁ የያዘ ወገን ምን ማድረግ እንደሚገባው ማሳየት ነው።

ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

በማኅበሩና በአባሉ ባንክ መካከል የሚቆመው «ፔይመንት ጌትዌይ» የሚባለው የክፍያ መተላለፊያ ነው። እንደ ስትራይፕ፣ ፔይፓልና አድየን ያሉ ድርጅቶች የሚሰጡት አገልግሎት ነው። አባሉ የካርድ ቁጥሩን በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባ ቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ መስፈር የለበትም። በቀጥታ ወደ አስተላላፊው ድርጅት ይሄዳል። ድርጅቱ ቁጥሩን በራሱ ዘንድ ይቆልፍና ለማኅበሩ «ቶክን» የሚባል ምትክ መለያ ይሰጠዋል። ማኅበሩ በየወሩ «በዚህ ቶክን 20 ዶላር ቁረጥልኝ» ይላል። ቶክኑ በሌባ እጅ ቢወድቅ እንደ ካርድ ቁጥር ከሌላ ሱቅ ዕቃ ሊገዛበት አይችልም።

በመሆኑም የአባላትን የካርድ ቁጥር በደብተር ወይም በኤክሴል መዝግቦ የሚያስቀምጥ ገንዘብ ያዥ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ አባላቱን ለአደጋ እያጋለጠ ነው። ዓለም አቀፎቹ የካርድ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው የደኅንነት ደንብ፣ በብዙ ካርዶች ጀርባ የሚገኘውን ባለ 3 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ነጋዴው ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ እንዳያስቀምጥ ፈጽሞ ይከለክላል።

ከካርዱ ቁጥር ይልቅ ማኅበሩ ራሱ ሊያስቀምጠው የሚገባው የፈቃዱን ማስረጃ ነው። አባሉ ምን ያህል ገንዘብ፣ በየስንት ጊዜው፣ በወሩ ስንተኛ ቀንና ለምን ጉዳይ እንዲቆረጥበት እንደፈቀደ፣ እንዲሁም መውጣት ሲፈልግ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ከነቀኑ መቀመጥ አለበት። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ የዕዳ ውልን በጽሑፍ ስለማስፈር የሚናገር መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማስተማር የአውሮፓ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። አባሉ ለመስጂድ ማሠሪያ ሲል የፈቀደው 20 ዶላር፣ ማሠሪያው ካለቀ በኋላ በሌላ ስም ቢቆረጥ የተሰጠው ፈቃድ አብሮ ተሻገረ ማለት አይቻልም። እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀንና ልክ

ተደጋጋሚ ክፍያ ሲጀመር ቀላል የሚመስለው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። አንድ አባል ጃንዋሪ 31 ቀን ቢመዘገብ በፌብሩዋሪ ስንተኛው ቀን ይቆረጥበታል? ደህና ሥርዓት የወሩን የመጨረሻ ቀን ይወስድና በማርች ወደ 31 ይመለሳል። በግዴለሽነት የተሠራ ሥርዓት ግን ወሩን ይዘለዋል፤ ወይም ወደ ማርች መጀመሪያ ገፍቶ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ይቆርጣል። ገንዘብ ያዡ ይህን ራስ ምታት ለማስቀረት ከፈለገ ሁሉም አባላት ከ1 እስከ 28 ባለው ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ማድረግ ይችላል።

በወሩ መካከል የሚደረግ ለውጥም እንዲሁ ልክ ይፈልጋል። በወር 20 ዶላር የሚከፍል አባል የ30 ቀኑ ወር በተጋመሰበት ዕለት ወደ 30 ዶላር ቢሸጋገር፣ ከከፈለው 20 ዶላር ያልተጠቀመበት 10 ዶላር ይታሰብለታል። ለቀሪዎቹ 15 ቀናት በአዲሱ ልክ 15 ዶላር ይደርስበታል። ስለዚህ በዕለቱ የሚቆረጥበት 5 ዶላር ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ አስተላላፊዎቹ ራሳቸው ያሰሉታል። ነገር ግን ማኅበሩ ውጤቱን ለአባሉ በግልጽ ቋንቋ ካልነገረው፣ አባሉ በሂሳብ መግለጫው ላይ ያልጠበቀውን ቁጥር አይቶ መጠርጠሩ አይቀርም።

ካርዱ እንቢ ሲል

በየወሩ የተወሰኑ ክፍያዎች ሳይሳኩ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ምክንያቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ካነሰ ነገሩ ጊዜያዊ ነው፤ ደመወዝ ሲገባ ሊሳካ ይችላል። ካርዱ መሰረቁ ከተመዘገበ ወይም ሂሳቡ ከተዘጋ ግን ደጋግሞ መሞከር ትርጉም የለውም። የቪዛ ደንብ እንደገና ሊሞከር የሚችለውን ክፍያ እንኳ በ30 ቀን ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ መሞከርን አይፈቅድም። በአሜሪካ ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ለሚቆረጥ ክፍያ ያለው ደንብ ደግሞ የበለጠ ጠባብ ነው። ገንዘብ በማነሱ የተመለሰ ክፍያ እንደገና ሊቀርብ የሚችለው 2 ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ሙከራ በአባሉ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ሂሳቡ ባዶ በሆነ ሰው ላይ የተላከ የቅነሳ ትእዛዝ ባንኩ ቅጣት እንዲጥልበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። 20 ዶላር ለማግኘት ሲባል አባሉን ከመዋጮው ለሚበልጥ ቅጣት መዳረግ ምን ዓይነት መረዳዳት ነው? የተሻለው መንገድ ክፍያው እንዳልተሳካ ለአባሉ ብቻ በግል ማሳወቅ፣ የሚመቸውን ቀን እንዲመርጥ ዕድል መስጠትና በልኩ መሞከር ነው። ስሙን በስብሰባ ላይ መጥራት ግን ከነውርም በላይ ነው።

አንዳንድ የሂሳብ ፕሮግራሞች ላልተሳካ ክፍያ «የመዘግየት ተጨማሪ» የሚል ምርጫ አላቸው። አንዲት ምልክት በማድረግ ብቻ ዕዳው በየጊዜው ማደግ ይጀምራል። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በየጊዜው በሚከፈል ሽያጭ ገዢው ቢዘገይ በዕዳው ላይ ጭማሪ ማድረግ አራጣ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ያቺን ምልክት ከማድረጉ በፊት ገንዘብ ያዡ ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባዋል። ፕሮግራሙ አማራጩን ማቅረቡ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ

የማኅበሩ ኮምፒውተር «20 ዶላር ቁረጥ» ብሎ ትእዛዝ ከላከ በኋላ መልሱ ሳይደርስ መስመሩ ቢቋረጥ ገንዘቡ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ትእዛዙ እንደገና ቢላክ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ነው፤ ባይላክ ደግሞ ጭራሽ ሊቀር ነው። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነው። አስተላላፊው ያንኑ መለያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ ቅነሳ አያደርግም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይደግማል። ይህን መለያ ሳይጠቀም ሥርዓት የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

በሌላ አቅጣጫም እንዲሁ ነው። አስተላላፊው «ተከፍሏል»፣ «አልተሳካም»፣ «ተመላሽ ሆኗል» የሚሉትን ወሬዎች ወደ ማኅበሩ ኮምፒውተር የሚልከው «ዌብሁክ» በሚባል መልእክት ነው። መልእክቱ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ኋላ የተከሰተው ቀድሞ ሊመጣም ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ሥርዓት ያስተናገዳቸውን መልእክቶች መዝግቦ መያዝና የተደገመውን ማለፍ አለበት። መልእክቱ በእርግጥ ከአስተላላፊው የመጣ መሆኑንም ፊርማውን በማየት ማረጋገጥ ይገባዋል። አለበለዚያ ማንም ተንኮለኛ «ተከፍሏል» ብሎ ሊልክለት ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። አስተላላፊው ወደ ባንክ የሚያስገባው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ዋጋ ከቀነሰ በኋላ ያለውን ነው። ለምሳሌ ያህል ስትራይፕ በአሜሪካ ለአገር ውስጥ ካርድ ያስታወቀው መደበኛ ዋጋ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። 20 ዶላር ከሚከፍል አባል 88 ሳንቲም ይወስዳል ማለት ነው። 300 አባላት ያሉት ማኅበር በወር 6,000 ዶላር ሰብስቦ 264 ዶላር፣ በዓመት 3,168 ዶላር ለአስተላላፊው ይከፍላል። እነዚያው አባላት 240 ዶላሩን በዓመት አንድ ጊዜ ቢከፍሉ ግን ጠቅላላው ዋጋ 2,178 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 990 ዶላር ነው። ገንዘብ ያዡ በመዝገቡ ላይ አባላት የሰጡትን ሙሉ ገንዘብና ለአስተላላፊው የተከፈለውን ዋጋ ለየብቻ ማስፈር አለበት። ባንክ የገባውን ብቻ ከመዘገበ የአባላቱ መዋጮ በወረቀት ላይ ጎድሎ ይታያል፤ ሂሳብ መርማሪም ሲመጣ መልስ ያጣል።

የመውጫው በር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ዝምታ ክፍያ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ የታማኝነት መለኪያው መውጫው በር ነው። መግቢያው በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሆኖ መውጫው ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻፍና ኮሚቴ መጠበቅ ከሆነ፣ በውስጥ የቀረው ሰው ወዶ ነው የቀረው ማለት ይቻላልን?

መንግሥታት ይህን ጥያቄ ማንሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ በኢንተርኔት ተደጋጋሚ ክፍያ የሚሰበስብ ነጋዴ ሁኔታውን በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ የደንበኛውን ግልጽ ፈቃድ እንዲያገኝና ማቆሚያውን ቀላል እንዲያደርግ ያዛል። ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን የተባለው መሥሪያ ቤት በዚሁ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ከሷል። በክሱ እንደተገለጸው፣ የፕራይም አባልነትን የመሰረዣው መንገድ እጅግ የተንዛዛ ስለነበር በድርጅቱ ውስጥ «ኢሊያድ» በሚል ስም ይጠራ ነበር። ኢሊያድ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት የሚተርክ የጥንት ግሪኮች ግጥም ነው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ድርጅቱ ግን ጥፋተኝነቱን አላመነም። በጀርመንም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት የደንበኝነት ውል የሚያስገባ ነጋዴ ውሉን የማቋረጫ ቁልፍ በድረ ገጹ ላይ በግልጽ እንዲያስቀምጥ ተገዷል።

የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በካርድ ለሚቆረጥ ተደጋጋሚ ክፍያ ባለቤቱ ከ24 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ እንዲደርሰው፣ በዚያውም ማስቆም እንዲችል አድርጓል። ከተወሰነ ልክ በላይ ሲሆን ባለቤቱ በየጊዜው ማረጋገጥ ይኖርበታል። ልኩ በዚያን ጊዜ 5,000 ሩፒ ነበር፤ በ2022 ወደ 15,000 ከፍ ብሏል። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ክፍያዎች ተቋርጠው ነጋዴዎች ተማርረው ነበር። ሆኖም ዝምታውን በከፊል ወደ ቀድሞ ቦታው መልሶታል።

አንዳንድ ገንዘብ ያዦች «በየወሩ ካስታወስናቸው እኮ ይወጣሉ፤ መስጂዱስ በምን ይከራያል?» ይላሉ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። ኪራይ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ የኢማሙ ደመወዝም እንዲሁ። ነገር ግን ቢያስታውሱት የሚወጣ አባል፣ ባያስታውሱት የሚቆየው በፍላጎቱ ሳይሆን በመርሳቱ ነው። ያለ ባለቤቱ ልባዊ ፈቃድ የሰው ገንዘብ ሐላል እንደማይሆን በሸሪዓ የታወቀ ነው። በሰዎች መርሳት ላይ የቆመ በጀት፣ መርሳቱ ያበቃ ዕለት ይፈርሳል። አባሉም ተታለልኩ ብሎ ለባንኩ ካመለከተ፣ ባንኩ «ቻርጅባክ» በሚባለው አሠራር ገንዘቡን ከማኅበሩ ሂሳብ መልሶ ሊወስድ ይችላል። በተጨማሪም ማኅበሩ የክርክር ዋጋ ይከፍላል።

መናገር የማይችለው አባል

ዝም ካሉት መካከል አንዱ ጨርሶ መናገር የማይችል ነው። እርሱም የሞተው አባል ነው። በእድር መዝገብ ዘመን ሞቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ቀባሪው ራሱ እድሩ ነውና። በካርድ መዝገብ ግን ቶክኑ ባለቤቱ መሞቱን አያውቅም። ካርዱ ጊዜው አልፎ አዲስ ቢወጣ እንኳ፣ ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴዎች በራሱ የሚያሳድስ አገልግሎት ስላላቸው ቅነሳው ሊቀጥል ይችላል። ሰው ሲሞት ደግሞ ንብረቱ፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ፣ የወራሾቹ ነው። ወራሾቹ የቲሞች ከሆኑስ? በመስጂዱ ስም የተቆረጠው 20 ዶላር የየቲም ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። የየቲምን ገንዘብ መንካት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ስለዚህ የጀናዛ ጉዳይ የሚከታተለው ኮሚቴና ገንዘብ ያዡ በተለያየ ክፍል ቢቀመጡም መዝገባቸው መገናኘት አለበት። የሞት ዜና በተሰማበት ዕለት ቅነሳው ይቁም። ከሞቱ በኋላ የተቆረጠ ካለም ወራሾቹ ሳይጠይቁ ይመለስ። ከዚህም ሌላ ማንኛውም አባል በዓመት አንድ ጊዜ «እንድንቀጥል ትፈቅዳለህን?» ተብሎ ቢጠየቅና መልስ ካልሰጠ አንድ ሰው ደውሎ ቢያገኘው፣ የታመመውም፣ አገር የለወጠውም፣ የተቸገረውም በዚያው ይታወቃል። እንዲያውም የመረዳጃ ማኅበር ሥራ ይኸው አይደለምን?

ለከፋዩ

ከፋዩም ቢሆን ድርሻ አለው። የባንክ መግለጫውን በየወሩ ማንበብ፣ የፈቀዳቸውን ተደጋጋሚ ክፍያዎች በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቦ መያዝ፣ ነፃ ሙከራ ሲጀምር የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ይገባዋል። ካርድ መቀየር ብቻውን ውልን እንደማያቋርጥ ከላይ ካየነው ይረዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ውሉን በጽሑፍ ያቋርጥ፤ ማረጋገጫውንም ያስቀምጥ። ኑዛዜውን ሲጽፍ የተደጋጋሚ ክፍያዎቹን ዝርዝር ቢጨምርበት ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ሴፓ በሚባለው ሥርዓት ከባንክ ሂሳቡ በቀጥታ የተቆረጠበትን ገንዘብ በ8 ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳያቀርብ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል፣ ያልፈቀደው ከሆነም እስከ 13 ወር ጊዜ እንዳለው ይወቅ።

በአገራችን ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በስልክ መክፈል ተለምዷል። በስልክ የሚከፈለው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በየጊዜው የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ የሚያጸድቀው ነው። ነጋዴዎችና ማኅበራት ይህን አድካሚ ይሉት ይሆናል። ያ የምስጢር ቁጥር ግን በእድር መዝገብ ላይ የነበረው ፊርማ ነው። ነገ ራሱ የሚቆረጥ ክፍያ በየማኅበሩ ሲለመድ ፊርማው እንዳይጠፋ ከወዲሁ ማሰብ ይበጃል።

ማጠቃለያው ይህ ነው። ፔይመንት ጌትዌዩ ገንዘብን የማስተላለፍ ሥራውን ይሠራል፤ ቶክኑም፣ ቀኑም፣ ሙከራውም በእርሱ በኩል ይካሄዳል። አማናን የሚወጣ ማሽን ግን የለም። የሌላውን ሰው ኪስ ቁልፍ የያዘ ሰው፣ ባለቤቱ ሲጠይቀው ብቻ ሳይሆን ሳይጠይቀውም ቁልፉን የሚመልስበትን ቀን ማሰብ አለበት። አላህ (ሱ.ወ) የተረከብነውን አማና በአግባቡ ከሚወጡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።